ከቁስቋም ሥር ያሉ ዘጠኝ ጉድጓዶች

ወጥቼ እንድገባ የፈቀደ አምላክ ይመስገንና፣ የማኅበራችን እህቶች፣ የጠየቃችሁኝን ልጽፍላችሁ ነው። ባለፈው ወር ስንሰበሰብ ስለ ጉዞዬ በአፍ ለመናገር ሞክሬ ነበር፤ ጎልፍ የሚለውን ቃል ሳነሣ ግን ግማሾቻችሁ ሳቃችሁና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ስለዚህ በየቀኑ ከያዝኩት ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ነው። ከመካከላችሁ ጉለሌን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔም ብሆን ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ጉለሌን ያየሁት ገና አሁን ነው።

አዲስ ለገባችሁት እህቶች ደግሞ አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ የምኖረው እናንተ ካላችሁበት ከተማ በአውቶብስ አራት ሰዓት ርቄ፣ በስኮትላንድ ሰሜን ዳርቻ ባለች ትንሽ የባሕር መንደር ነው። ሥራዬ የመንደሩን የጎልፍ ሜዳ ሣር ማጨድ ነው። የገባሁት ሻይ ቤቱ ውስጥ ሳህን ላጥብ ነበር፤ አንድ ጊዜ አጫጁ ታመመና ማጨጃው ላይ ወጣሁ፤ ይኸው ስምንት ዓመቴ። ጨዋታው ቀላል ነው። ሰው ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመታ፣ ከሩቅ ተነሥቶ መሬት ውስጥ ባለ ጉድጓድ እስኪያገባት ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ። በጥቂት ምት የጨረሰ አሸነፈ። እኛ ሜዳ ላይ በጎች ይግጣሉ፣ የመንደሩ ሰው በመካከሉ ወደ ባሕሩ ያልፋል፣ መሬቱንም ማንም ደልድሎት አያውቅም። ጉብታው ጉብታ እንደሆነ፣ ጎድጓዳውም ጎድጓዳ እንደሆነ ነው የሚጫወቱበት። በመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ያልተሠራ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ነው አንድ ሰው በጥንቃቄ ተመልክቶ ያገኘው መሆኑ የገባኝ።

ወንድሜ ዳንኤል ጉለሌ ነው የሚኖረው፤ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት አለው። በመስከረም ደውሎ፣ እሱ አባል የሆነበት ትንሽ የጎልፍ ማኅበር ከቁስቋም ከፍ ብሎ አንድ አሮጌ ሜዳ እንዳለው፣ ሊያዘምኑት እንዳሰቡ፣ እኔም መጥቼ «የውጭ ልምድ» እንድናገር እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ኅዳር እኛ ጋ ሥራ የሚቀንስበት ወር ነው፤ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

በሰንበት መንገድ መጀመር ከብዶኝ ነበር፤ ሌላ ትኬት ግን አልተገኘም። ውዳሴ ማርያሜን አውቶብስ ውስጥ አደረስኩ። የሜዳችን ኃላፊ ኢዋን እስከ ፌርማታው በመኪናው አድርሶኝ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ሰጠኝ። የጉድጓድ መቁረጫ ነው፤ እንደ ጣሳ ክብ የሆነ ስለታም ብረት፣ ከላይ ሁለት እጀታ ያለው። «እዚያ ላለው ሰው ስጪልኝ» አለኝ። እዚያ ማን እንዳለ አያውቅም። ሜዳ ካለ የሚጠብቀው ሰው አለ ብሎ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሹ ከሚጫነው ሻንጣዬ ብረቱን አውጥቶ ምንድን ነው አለኝ። መሬት መብሻ ነው አልኩት። ለምን ይበሳል አለኝ። ኳስ እንዲገባበት አልኩት። ጓደኛውን ጠራውና ሁለቱም በየተራ እጃቸውን ውስጡ ከትተው አዩት፤ ከዚያ በጥንቃቄ መልሰው ጠቀለሉልኝ። ጽጌን ስለምጾም ከቀረበልኝ ምግብ የበላሁት ዳቦውንና ፍሬውን ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ይህን አይቶ የራሱን ፍሬ ሳይናገር ወደ እኔ ገፋልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዳንኤል ከመውጫው ላይ ሲጠብቀኝ ፀጉሩ ሸብቷል፤ እሱም እኔን አይቶ እንዲሁ ሳይል አይቀርም። ቤቱ ዊንጌት አካባቢ ነው። ከትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆች መንገዱን ሞልተውት ስለነበር መኪናችን ከእግረኛ እኩል ነው የሄደችው።

ሚስቱ ሰላም በር ላይ ተቀበለችኝ። ገና ከደጅ ሽታው ነገረኝ፤ ዶሮ ተሠርቷል። የፈቃድ ጾም ነውና እነሱ አይጾሙትም፤ እንደምጾም መንገሩን ደግሞ እኔ ረስቻለሁ። ሰላም ፊቴን አይታ «እትዬ፣ ጽጌ ነሽ እንዴ?» አለች። አዎ ስላት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤት ምስር ወጥ በሳህን ይዛ ተመለሰች። ጎረቤቷም ከኋላዋ መጣች፤ ወጧን ማን እንደሚበላው ልታይ።

ከምሳ በኋላ ዳንኤል ጠረጴዛው ላይ ዕቅዱን ዘረጋው። በቀለም የተሣለ፣ የሚያምር ወረቀት ነው። ዶዘር ገብቶ ሜዳውን ሁሉ ይደለድላል፤ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፋል፤ ዙሪያው በግንብ ይታጠራል። የፊታችን እሑድ ማኅበሩ ተሰብስቦ ይወስናል።

«አንቺ ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ፣ በቃ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ውጭ አገር እንዲህ ነው ብለሽ።»

መጀመሪያ ልየው አልኩት። ሳቀና ወደ ሚስቱ ዞሮ «እትዬ ጨው እንኳ ሳትቀምስ አትገዛም» አላት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

በሚኒባስ ቁስቋም ድረስ ወጣን፤ ከዚያ በእግር ነው። እኛ መንደር ከባሕሩ እኩል ነው፤ ጉለሌ ግን ወደ እንጦጦ የሚወጣ ዳገት ላይ ነውና ትንፋሼ አለቀ። የደብረ ብርሃን ልጅ በከፍታ መሸነፏ አሳፈረኝ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ከበርጩማዋ ተነሥታ አስቀመጠችኝ፤ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልነሣ ስል፣ ገና ነሽ ብላ መልሳ አስቀመጠችኝ።

የሜዳው በር የዛገ ቆርቆሮ ነው። ስንገባ አባላቱ ሰልፍ ሠርተው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ አቶ ግርማ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው ጨበጡኝ። ለእኔ ብለው ሜዳውን አሰናድተውታል። ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀብቷል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዙሪያ ደግሞ ቄጤማ ተጎዝጉዟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ቦታ ኳሷ የምትንከባለልበት ነው፤ እንደ ወለል መለስለስ አለበት። እኛ ጋ ሣሩን በጣም አሳጥረን ነው የምናለሰልሰው። በጋው ረጅም በሆነበት አገር እንደዚያ ያጠረ ሣር ይደርቃል። ስለዚህ ጉለሌ ያሉት አሸዋን ከጋራዥ ከሚጣል የተቃጠለ ዘይት ጋር ለውሰው፣ በጆንያ እየጎተቱ ጥቁር ክብ ይሠራሉ። እኔ ይህን በወሬ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበርና ለማየት ጓጉቼ ነበር። ያየሁት ግን ቄጤማ ነው። ለእንግዳ ክብር መጎዝጎዝ ደንብ ነው፤ ቤት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አቶ ግርማ ላሳይዎት ብለው ኳሷን መቷት፤ ቄጤማው ውስጥ ገብታ ጠፋች። አራት ሰው ተንበርክኮ ፈለጋት።

ከአባላቱ አንዱ ነስሩ ይባላል፤ ዊንጌት ጋ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ የቀረን ፈንዲሻ ብቻ ነው» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ።

ያን ጊዜ ከጥበቃው ጎጆ ጀርባ የበግ ድምፅ ሰማሁ። የበግ አገር ልጅ ነኝ፤ ተዘግቶበት የተቆጣ በግ ድምፁ ይለያል። የማን በግ ነው ብዬ ስጠይቅ አቶ ግርማ የጎረቤት ይሆናል አሉ። ዳንኤል መሬት መሬት ያያል። ብዙም ሳይቆይ የቆርቆሮው መዝጊያ ወደቀና አሥራ አራት በጎች ወጥተው በቀጥታ ወደ ቄጤማው ሮጡ። አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው ከኋላ መጡ፤ ግን አልሮጡም። ቆመው በጎቹ ቄጤማውን ሲያጸዱት ተመለከቱ። ሲያልቅ ጥቁሩ ክብ ታየ፤ እንደ ሰሌዳ የተስተካከለ ነበር።

ሽማግሌው ጋሽ ቱፋ ናቸው፤ የሜዳው ጠባቂ። በጎቹ የእሳቸው ናቸው፤ ሣሩን የሚያሳጥሩትም በጎቹ ናቸው። የውጭ ባለሙያ በግ አይታ እንዳትንቀን ተብሎ ነው የተደበቁት። እኔም የምሠራበት ሜዳ በግ እንዳለበት ስነግራቸው አቶ ግርማ ለአፍታ አላመኑኝም። ጋሽ ቱፋ ግን ስንት ናቸው ብለው ጠየቁኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

በማለዳ ብቻዬን ተመልሼ ወጣሁ፤ ዳንኤል መድኃኒት ቤቱን መክፈት ነበረበት። ኢዋን የላከውን ብረት ለጋሽ ቱፋ ሰጠኋቸው። እሳቸው እስካሁን የሚጠቀሙት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። ብረቱን አገላብጠው አዩት፣ አሸዋው ላይ ተከሉት፣ ሲነቅሉት ጉድጓዱ ተናደ። ሌላ ቦታ ሞከሩ፤ ተናደ። እኔ ማፈር ጀመርኩ። እሳቸው ጥቂት አሰቡና ዘይት ጨምረው አሸዋውን ረገጡት፤ ሦስተኛው ቆመ። «ማን ነው የላከው?» አሉ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ኢዋን ብዙ ጠየቁኝ፤ ሚስት አለው ወይ፣ ዝናብ ሲሆን የት ይጠለላል፣ አለቆቹ ያዳምጡታል ወይ።

ነስሩ ሱቁን ለወንድሙ ሰጥቶ መጣና ሦስታችን ዞርን። እሱ ይመታል፣ ጋሽ ቱፋ ያሳዩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሜዳውን በመጀመሪያ ያወጣው አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ነው፤ ጋሽ ቱፋ ያኔ ጎረምሳ ሆነው ችካል ይሸከሙለት ነበር። ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ ሲመላለስ ዋለ አሉ፤ ምንም ሳይቆፍር። ኳስ ቢያርፍ ደስ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ባርኔጣውን ይጥላል፤ እሳቸው እዚያ ችካል ይተክላሉ። ዘጠኝ ጊዜ ባርኔጣ ተጣለ፤ ሜዳው ያ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የእሳቸው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ላይ ከሰፈሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ የእግር መንገድ ሜዳውን ይቆርጠዋል። ነስሩ ሊመታ ዱላውን አንሥቶ ሳለ ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ብቅ አሉ። ዱላውን መሬት አስቀመጠ፣ ቆቡን አወለቀ፣ እስኪያልፉ ቆመ። ሴቶቹ እንኳን ደህና አደራችሁ ብለው አለፉ። የሜዳው ሕግ ነው፤ የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ቀብር ሲያልፍማ ጨዋታው ለዚያ ቀን ይቆማል አለኝ። በዕቅዱ ላይ ያ መንገድ ግንብ ነው። ሴቶቹ ዙሪያውን መሄድ አለባቸው፤ እኔ በትናንትናው ትንፋሼ ልክ ገመትኩት።

አራተኛው ላይ ጉብታ ስላለ ጉድጓዱ ከወዲህ አይታይም። ከወዲያ ያለውን ሰው በኳስ እንዳትመታ፣ ጨርሶ የወጣ ሰው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል፤ ያን ጊዜ አንተ ትመታለህ። እኛ መንደርም እንዲህ ያለ ጉብታ አለን፤ እዚያ ግን የመርከብ ደወል ነው። ቸርኬው ሲጮህ በሁለት አገር ያሉ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ማሰባቸው ገርሞኝ ቆምኩ። ነስሩ፣ «እህቴ፣ ወይ ምቺ ወይ እለፊ» አለኝ። ዱላውን ተቀብዬ መታሁ። ስምንት ዓመት ሣር ማጨድ መምታት አያስተምርም፤ ኳሷ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባች።

አምስተኛው ላይ የጥንት እርሻ ካብ አለ፤ ኳሷ ወይ ትዘለዋለች ወይ ትመለሳለች። ስድስተኛው ላይ በጎቹ ከነፋስ ሲሸሹ እየተኙ የቦረቦሩት ጎድጓዳ አለ፤ ኳስህ እዚያ ከገባች መውጣቱ የአንተ ፋንታ ነው። ሌላ ቦታ ሰው ብዙ ደክሞ የሚቆፍረውን እዚህ በጎቹ ተኝተው ሠርተውታል። ሜዳው ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ጉድጓዶች የሉም። እያንዳንዱ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል።

ያን ቀን ከምሽት ጸሎቴ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ይህን ሜዳ ይደልደል ብዬ መናገር አልችልም። ወንድሜን ሳላሳፍር እንዴት እንደምናገረው ግን አላወቅሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አቶ ግርማ ለምሳ ጋብዘውን ነበር። መጾሜን ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ ገበታው በሙሉ የጾም ነው፣ የሱፍ ፍትፍቱም ለብቻዬ በትልቅ ሳህን ነው የቀረበው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ፊት ክፉ ወሬ ማውጣት ከባድ ነው። ዳንኤል በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገኝ፤ ተናገሪ ማለቱ ነው። ተናገርኩ። ሜዳው እንዳለ ቢቆይ እንደሚሻል፣ እኔ ባለሁበት አገር እንዲህ ያለውን አሮጌ ሜዳ ሰው ከሩቅ ፈልጎ እንደሚመጣ፣ የደለደሉትም ብዙዎች እንደተጸጸቱ ነገርኳቸው። ዳንኤል መብላቱን አቆመ።

አቶ ግርማ አልተቆጡም። «ወይዘሮ አስካለ» አሉኝ፣ «እርስዎ ያዩትን እኔም አየዋለሁ። ሃያ ዓመት ተጫውቼበታለሁ። ግን ከአጥሩ ውጭ የቆመ ሰው ምን ያያል? በግ የሚግጥበት ባዶ ቦታ። አንድ ቀን ከመሬት ቢሮ ሰው መጥቶ ‹እዚህ ምን ሠርታችኋል?› ቢለኝ የማሳየው አንድ ወረቀት የለኝም። ዶዘር የገባበትን ቦታ ግን ማንም ባዶ ነው አይለውም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። አቶ ግርማ ሜዳውን የጠሉት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንዳይወሰድባቸው ፈርተው ነው ሊያፈርሱት የተነሡት። ወረቀት ቢኖርስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን ወረቀት?»

«ያልተደለደለው ሜዳ ዕቅድ። እያንዳንዱ ነገር ለምን እንዳለ የሚናገር።»

ለምን እንዳለ የሚያውቀው ቱፋ ብቻ ነው አሉ። ከዚያ፣ እስከ እሑድ ካመጣችሁ ከዶዘሩ ዕቅድ ጋር እኩል አስነብበዋለሁ አሉ። ካላመጣችሁ ግን ድምፅ የሚሰጠው በእጃችን ባለው ላይ ነው።

ስንወጣ ዳንኤል ቀድሞኝ ወደ ታክሲው ሄደ። ገብተን ከተቀመጥን በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «እህቴ ትመጣለች፣ ትደግፈናለች ያልኩት በሰው ፊት ነው» አለ። ያላየሁትን እንዴት ልመሰክር አልኩት። «አይተሽ ነው የተቃወምሽው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰላም እራት ላይ ሁለታችንን እያየች፣ ወጡ ጨው በዛበት ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የጾሙ መጨረሻ ቀን። ኪዳን አድርሼ በዚያው ወደ ሜዳው ወጣሁ። ለጋሽ ቱፋ ነገሩን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። «እኔ አላወራም፣ እኔ እሠራለሁ» አሉ። ዶዘሩ ከገባ የሚሠሩት እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን፤ አላነሣሁትም። ደብተሬን ይዤ አንደኛው ጋ ሄጄ ቆምኩ። በመጨረሻ መጡ።

ከአንደኛው ጀመርን። መሬቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለውን ጽድ አይተህ ከመታህ ራሱ መልሶ ያመጣልሃል፤ ስለዚህ የጽዱ ቅርንጫፍ አይቆረጥ። ሁለተኛው ላይ ያለው የድንጋይ ክምር ሜዳው ሲጸዳ የተጠራቀመ ነው፤ ቢነሣ ጉድጓዱ በጣም ይቀላል። እንዲህ እንዲህ እያልን ሄድን። እያንዳንዱን እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብላቸዋለሁ፣ ያርሙኛል። «አይደለም፣ ሁለት እርምጃ በይ፣ ሦስት አይደለም» ይሉኛል። ስምንተኛው ላይ ያለው ክብ ለምን ዳር ላይ እንደሆነ ስጠይቅ፣ በሐምሌ ጎርፍ የሚወርድበትን ቦይ በዱላቸው አሠመሩልኝ፤ አሁን ደርቆ ምንም አይታይም። አርባ ክረምት ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

የተቸገርነው ሰባተኛው ላይ ነው። እዚያ መካከል ላይ መሬቱ እንደ ኮርቻ ትንሽ እጥፍ ይላል፤ ወገብ እንኳ አይደርስም። የኳሷን መንገድ ያስቀይራል ወይ አልኳቸው። አያስቀይርም። በጎቹ ይተኙበታል? አይተኙበትም። ውኃ? አይሄድበትም። ታዲያ ለምን አልተስተካከለም ስላቸው ወደ ሌላ ዞሩ። ሁለት ጊዜ አካፋ ይዤ መጥቼ ነበር አሉ፤ ሁለቴም ተመለስኩ።

«ለምን ተመለሱ?»

«ዝም ብዬ ነው። ደስ ይለኛል» አሉ፤ እንደ ማፈር ብለው። «እሱን ተዪው፣ አትጻፊው።»

እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ነው፤ አንዲት ደካማ መስመር ሌላውን ሁሉ ልታበላሽ ትችላለች። ግን ስምንት ጉድጓድ ሙሉ ያሉኝን እንዳለ ጽፌ የሰባተኛውን ብቻ ብደብቅ የወረቀቱ እውነትነት ምኑ ላይ ነው? እንዳሉት ጻፍኩት። አነበብኩላቸውም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን አጥፊው አላሉኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም ማርያም ነገሠች። ስለ በዓሉ ብዙ አልጽፍም፤ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ዳገቱ ነጭ ለብሷል። እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበትን፣ በቁስቋም ተራራ ያረፈችበትን ሲሰብኩ፣ መንገደኛ ስለሆንኩ ይሁን ሌላ፣ ከወትሮው ረዘም አድርጌ ቆምኩ። ሰላም ከነቤተሰቧ መጣች፤ ዳንኤል ግን ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ። ከሜዳው በኩል የመጡ ሰዎች በሦስተኛው መንገድ ነው የመጡት፤ ጋሽ ቱፋ የቆርቆሮውን በር ገና በሌሊት ከፍተውላቸው ነበር።

ቤት ስንመለስ ዳንኤል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቶ ሲጽፍ ነው ያረፈደው። የእኔን የእጅ ጽሑፍ በመድኃኒት ማዘዣ ልምድ ነው ያነበበው። እንደ ዕቅዱ ባለ ቀለም ባይሆንም፣ ዘጠኙን ጉድጓድ በዘጠኝ ገጽ አድርጎታል፤ ከየገጹ ግርጌ ሜዳው ድረስ ሄዶ ያነሣው ፎቶ አለ። «ካቡ አንድ ሜትር ከሃያ ነው እንጂ አንድ ሜትር አይደለም፣ ለክቼዋለሁ» አለኝ ብቻ። ዶሮው እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ አሁን አብረን በላን።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ስብሰባው የተደረገው ከሰዓት በኋላ በጥበቃው ጎጆ ውስጥ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው፣ ስምንት ወንበር። በረራዬ ማታ ስለነበር ሻንጣዬን ይዤ ነው የመጣሁት። ጋሽ ቱፋ አባል ስላልሆኑ በሩ ላይ ቆሙ። ነስሩ ወንበሩን ሊሰጣቸው ተነሣ፤ እንቢ አሉ።

አቶ ግርማ ቀለም የተቀባውን ዕቅድ ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል። እሱን አስረዱ፤ ሲያስረዱ ማንም አላቋረጣቸውም። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የእኛን ወረቀት ራሳቸው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። አንደኛን አነበቡ። ሁለተኛን አነበቡ። ሦስተኛው ላይ የቆቡን ማውለቅ ሲያነቡ አንዱ፣ ይኼ ተጽፎ አያውቅም ነበር እኮ አለ። ስድስተኛው ላይ በበጎቹ ሳቁ። ዳንኤል የካቡ ልክ ሲነበብ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

ሰባተኛው ላይ አቶ ግርማ ማንበባቸውን አቆሙ። መልሰው በልባቸው አነበቡት። እኔ ጣቶቼን ቆለፍኩ። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ወደ በሩ አዩ።

«ቱፋ፣ ‹ደስ ስለሚለኝ አልነካሁትም› ይላል። ይኼ ምክንያት ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። ጋሽ ቱፋ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይቆማሉ» አሉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ። ኳሱ ወዲያ ማዶ ሆኖ እርስዎ እዚያ ይቆማሉ። ለምን እንደሚቆሙ እኔ ጠይቄዎት አላውቅም።»

ጎጆው ውስጥ ሳቁ ቆመ። አቶ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ያዙት። ከዚያ ተነሥተው ዕቅዱን ከግድግዳው አወረዱት፣ እንዳይታጠፍ በጥንቃቄ ጠቀለሉት፣ ላስቲኩን አሰሩበት።

«ዶዘሩ አይመጣም» አሉ። «የሚቃወም አለ?»

እጅ አልተነሣም። ተመልሰው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገጹን ገለጡ።

«ስምንተኛ» አሉና ማንበባቸውን ቀጠሉ።